ጓንዡ ላይ ያገኘሁት ማዕረግ

ነይ ጂቱ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ። እዚያ ፀሐዩ ያገኝሻል። በርጩማዋን ሳብ አድርጊና ወደ ጥላው ግቢ... እንዲህ። ነጭ ሽንኩርቱን አንቺ ላጪ፣ ቀዩን ለኔ ተዪው። የባንክ ሠራተኛ እጅ በቀይ ሽንኩርት አይበላሽ። የኔ እጅ እንደሆነ ያልለመደው ነገር የለም።

ነፋሱ ደግ ነው ዛሬ። ከእንጦጦ ሲወርድ የባሕር ዛፉን ሽታ ይዞ ይመጣል። እናንተ የዘመኑ ልጆች እንጦጦ የምትወጡት ፓርኩ ውስጥ ፎቶ ለመነሳት ነው አይደል? ጥሩ ነው። እኛ የምንወጣው ቅጠል ለመጥረግ ነበር። ፎቶ የሚያነሳን ስላልነበረ ታዲያ አሁን ማንም አያስታውሰውም... አብራኝ የጠረገችውም ጭምር።

እና የቻይናውን ጉዞ ንገሪኝ አልሽኝ። ምን ሰምተሽ ነው? ... እህ። እኔ ሸርጣን አይቼ፣ ደንግጬ፣ ራሴን ስቼ፣ ተሸክመውኝ ሆስፒታል የወሰዱኝ። እንዲህ ነው የሚባለው? ቆንጆ አድርገው ነው ያወሩት። ያምርብኛል። ድንጉጥ መሆኔ እውነት ነው፤ በረሮ ሳይ ወንበር ላይ የምወጣ ሴት ነኝ፤ በረሮው ምንም አይሆንም፣ የሚያሳዝነው ወንበሩ ነው።

ግን አንቺ እዚህ ሰፈር ከገባሽ ገና ዓመትሽ ስለሆነ ሰዉን ለይተሽ አታውቂም። ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ስም አልጠራም። ስም ከተጠራ ሐሜት ይሆናል፣ ሐሜት ደግሞ ሐራም ነው። አንዲት የማውቃት ሴት ነበረች እንበል። የዚህ ቤት ሰው አይደለችም። የዚህ ቤት ባለቤትማ እንዲህ ያለ ነገር በሕልሟም አይመጣባት፤ ይኸው እዚያ ውስጥ ለነገው የልጇ ኒካህ ሳህን እያስወለወለች ነው፣ ድካሟን አላህ ይቁጠርላት። እኔ የምነግርሽ ስለ ሌላ ሴት ነው። እየላጥሽ ስሚኝ።

ይቺ ሴትና እኔ አንድ ግቢ ነው ያደግነው። እዚሁ የካ ዳገቱ ላይ። ቀሚስ እንዋዋስ ነበር፤ የሷን እኔ ስለብሰው ስፌቱ ይተረተራል፣ የኔን እሷ ስትለብሰው ድንኳን ይሆናል፣ መዋዋሱን ግን አልተውንም። ያገባነውም ተከታትለን ነው። ሴት ልጅ ስትወልድ ታመመች፣ ጡቷ ደረቀ፤ እኔ የራሴን ልጅ የማጠባበት ጊዜ ስለነበር ልጅቷንም አብሬ አጠባኋት። ወፍራም ሰው የሚፈለግበት ጊዜ አለ አየሽ። በሃይማኖታችን ጡት ያጠባች እናት ናት። እንዲያው ነገሩን ልንገርሽ ብዬ ነው እንጂ ውለታ እየቆጠርኩ አይደለም።

በኋላ አላህ ከፈተላት። ሱቅ ከፈተች፣ ሱቁ ሱቅ ወለደ። ቻይናን እንደ መርካቶ ታውቀዋለች ይሏታል፤ እሷም አይደለም ብላ አታውቅም። እኔ ያው መጋረጃ ሰፊ ነኝ፤ የሰውን መስኮት ስሸፍን ነው የኖርኩት። አንድ ቀን መጣችና፣ "ዘሙሩድ፣ እስከ መቼ የሰው ትርፍራፊ ጨርቅ ትገዣለሽ? አብረን እንሂድ፣ ራስሽ መርጠሽ አምጪ፣ እኔ አለሁልሽ" አለችኝ። አለሁልሽ። እንዴት ያለ ቃል ነው ጂቱ? አንቺ ብትሆኚ አትሄጂም ነበር?

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላሉ። ይሄን የተናገረው ሰው ግን ከጎረቤቱ ጋር አውሮፕላን አልተሳፈረም።

እኔ ደግሞ እንዴት ብዬ እንደሄድኩ። በሶ አስፈጭቼ፣ ቆሎ አስቆልቼ፣ ብርድ ይሆናል ብዬ ሁለት ሹራብ ደራርቤ። ጓንዡ የሚሉት የቻይና ከተማ ስንወርድ አየሩ የፈላ ድስት ክዳን ሲከፈት እንደሚመታሽ ነው። ሹራቤን ላወልቅ ብል ውስጡ ያለው ቀሚስ የቤት ቀሚስ ነው፤ ሳላወልቅ ሰነበትኩ። ቋንቋም አጥንቼ ነበር፤ አንድ ቃል። "ሼሼ" ማለት አመሰግናለሁ ማለት ነው አሉኝ። እኔ ቃሉን አጥብቄ ስለምይዘው ያየሁትን ሁሉ "ሼሼ፣ ሼሼ" እላለሁ፤ በኛ አገር ደግሞ ሸሸ ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ማን ከማን እንደሚሸሽ ግን ያኔ አልገባኝም ነበር።

ሦስተኛው ቀን ላይ ወንዝ ዳር ያለ ትልቅ የባሕር ምግብ ቤት እንሂድ አለች። ትልልቅ ሰዎች እንገናኛለን፣ ሐጂ ሳልህና ባለቤታቸው፤ እዚያው ጓንዡ ብዙ ዘመን የነገዱ የኛው አገር ሰዎች ናቸው፤ ለትዳር የደረሰ ወንድ ልጅ አላቸው አለች። ልብሷን ስትመርጥ ዋለች። እኔን፣ "አንቺ እንዳለሽ ነሽ" አለችኝ። እንደ ምርቃት ነው የወሰድኩት።

ምግብ ቤቱን ብታዪው ጉድ ነው። ፎቁ ላይ ፎቅ፣ ወንዙ ፊት ለፊቱ፣ ወንዙ ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት የለበሱ ጀልባዎች ይመላለሳሉ። ምድር ቤቱ የባሕር እስር ቤት ነው በዪው፤ በመስታወት ገንዳ ገንዳ ዓሣው፣ ሸርጣኑ፣ ስሙን የማላውቀው ጢማም ሁሉ ታጉሮ ይጠብቅሻል። በጣትሽ ያመለከትሽው በመረብ ይወጣና በኋላ ጠረጴዛሽ ላይ ተሠርቶ ታገኚዋለሽ። እኔ ከአንዱ ዓሣ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ጣቴን ላነሳ አልቻልኩም። "ይቅርታ ወንድሜ" አልኩት፣ በአማርኛ፤ እሱም ፊቱን አዞረ። ዓሣ የሚገማው ከአናቱ ነው ይላሉ አይደል? እዚያ ያሉት ግን በሕይወት ስለሆኑ አንዱም አይሸትም። የሚሸተውን ያገኘሁት ላይ ፎቅ ወጥቼ ነው... የማባያውን ሳስ ማለቴ ነው።

እንግዲህ በዚያ ሰዓት መልኬን ልንገርሽ፣ ፍርዱን አንቺ ስጪ። እግሬ ስላበጠ የወንድ ስኒከር ተጫምቻለሁ። ላብ ሻርፔን ከግንባሬ ጋር አጣብቆታል። ቀን የገዛችውን ዕቃ በሁለት እጄ፣ በፌስታል በፌስታል አንጠልጥያለሁ፤ እሷ ክንዷን ያማታል፣ እኔ ደግሞ ጓደኛ ነኝ። ሐጂና ሐጃ ሲመጡ እሷ ፊት ለፊት፣ እኔ ከነፌስታሌ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። እውነት ለመናገር መልኬም አግዟታል።

ሐጃ ደርባባ ሴት ናቸው፤ ሰላም ብለው ጨርሰው ወደኔ ዞሩና፣ "ይቺስ እህታችን ማን ናት?" አሉ።

የማውቃት ሴት ዘወር ብላ አየችኝ። ስኒከሩን አየችው። ፌስታሉን አየችው። ከዚያ ምን የመሰለ ፈገግታ ፈገግ አለችና፣ "ዘሙሩድ ትባላለች፤ የቤት ሠራተኛችን ናት፤ ልጄን ያሳደገችልኝ እሷ ናት" አለች።

የመጨረሻው እኮ እውነት ነው። ሙሉ በሙሉ ዋሸች አይባልም። በአንድ አፍ ግማሽ እውነት መናገርም ለአንዳንድ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? አፌን ስከፍት የወጣው "ሼሼ" ነው። በቻይንኛ ይሁን በአማርኛ እስካሁን አላወቅኩትም። ከዚያ ፌስታሉን አስቀመጥኩና ለሐጃ ወንበር ሳብኩላቸው። ምን ላድርግ? ማዕረግ ሲሰጡሽ ሥራ መጀመር አለብሽ። ሻይ ቀዳሁ። የሐጂን ሳህን አቀረብኩ። ወዳጅ የሚፈተነው በችግር ቀን ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔን በድሎት ቀን ይፈትኑኛል ብዬ ስላላሰብኩ ሳልዘጋጅ ገባሁ። ጠረጴዛው ክብ ነበር። ክብ ጠረጴዛ ጫፍ የለውም ብለሽ ነው? እኔ አገኘሁለት።

ሸርጣኑ መጣ። ቀይ፣ ከነእግሩ፣ ትልቅ ትሪ ሙሉ። ሐጃ ራሳቸው ብዙም የደፈሩት አይመስልም፤ "ለመሆኑ ይሄን ትበላላችሁ?" ብለው ጠየቁ። ያቺ ሴት፣ "እኔ? እንደ ሽሮ ነው የምበላው" አለች። ጂቱ፣ ይቺ ሴት እዚህ ሰፈር ዓሣ በተጠበሰ ቁጥር አፍንጫዋን ይዛ በር የምትዘጋ ሴት ናት። አላጋለጥኳትም። እንዲያውም ቅርፊቱን የሰበርኩላት እኔ ነኝ። እሷ መስበሪያውን ይዛ ግራ ሲገባት አየሁና ተቀበልኳት፤ ሥጋውን እያወጣሁ ሳህኗ ላይ ደረደርኩላት፤ እሷ ሐጃን እያየች ትጎርሳለች፣ ስለ ልጇ እያወራች ትጎርሳለች። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። እኔስ ሸርጣን ስጎረጉር ያወጣሁትን ምን ልበለው?

መጀመሪያ አንገቷን አከከች። ቀጥሎ ጆሮዋን። ከዚያ ከንፈሯ... እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ እያየሁት ነው ያደገው። ስለ ልጇ የጀመረችውን ወሬ ሳትጨርስ ድምፅዋ ተዋት። ሐጃ፣ "ምን ሆነች? ምን ሆነች?" ይላሉ፤ ሐጂ አስተናጋጅ ይጣራሉ፤ አስተናጋጁ ውኃ ይዞ ይመጣል። እሷ ሐጂንም ሐጃንም አላየችም። እኔን ነው ያየችው። ልጆች ሆነን ከእንጦጦ ስንወርድ ተንሸራታ እግሯ የወለቀ ጊዜ እንደዚያ ነው ያየችኝ። ዓይኗ ውስጥ የቅድሙ ፈገግታ አልነበረም፤ ፍርሃት ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አልቀልድም፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ትሞታለች ብዬ ነበር። ያኔ ቂም የት እንደገባ አላውቅም፤ ፈልጌም አላገኘሁት። አዘልኳት። ያን ጊዜም የቅጠል ሸክሜን ጥዬ አዝዬ ነበር ያወረድኳት፤ አሁንም ፌስታሉን ጥዬ አዘልኳትና በደረጃው ወረድኩ። ቻይናዎቹ መንገድ ለቀቁ። ሁለት ሹራብ የለበሰች ወፍራም ሴት ሌላ ሴት አዝላ በዓሣ ገንዳዎቹ መሐል ስትሮጥ ማን አይለቅ? ታክሲ ውስጥ ከተትኳትና ለሹፌሩ ከንፈሯን አሳየሁት። ሌላ ቋንቋ አላስፈለገም፤ አበረረው። ወንዙን ይዘን ስንሄድ እጄን ጨምድዳ ይዛለች፤ እኔ ጆሮዋ ላይ ቁርአን እቀራለሁ፤ በየመሐሉ ደግሞ እሳደባለሁ። ሁለቱንም ከልቤ ነው።

ሆስፒታል መርፌ ወጓት። ነርሷ ትንሽ ልጅ ናት፣ ስልኳ ላይ በቻይንኛ ታወራለች፣ ስልኩ በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል። "የታማሚዋ ምን ነሽ? ከቤተሰብ በቀር አብሮ ማደር አይቻልም" አለኝ ስልኩ። እንዳልዋሽ ብዬ፣ ሹመቴም ገና ትኩስ ስለሆነ፣ በስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ "ሠራተኛዋ ነኝ" አልኩ። ነርሷ ራሷን ነቀነቀችና በሩን አሳየችኝ። ልወጣ ስል ከአልጋው ላይ፣ ከዚያ ካበጠ ከንፈር ውስጥ፣ አንዲት ቃል መጣች። "ሲስተር።"

ነርሷ እህቷ ነሽ ማለት ነው ብላ ወንበር ሰጠችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ነው ነገሩ የመጣልኝ... እኛ አገር ነርስ የምንጠራው ምን ብለን ነው ጂቱ? "ሲስተር" ብለን አይደል? እህ። እኔን ትጥራ፣ ነርሷን ትጥራ፣ አልጠየቅኳትም። አንዳንድ ነገር ሲጠየቅ ይበላሻል። እኔን ነው የጠራችው ብዬ ያዝኩት፤ ሌላ ያመጣሁት ስጦታ ስለሌለኝ።

በነጋታው ሐጃ ሾርባ ይዘው መጡ። ወንበሩ ላይ አንገቴ ተጣሞ አገኙኝ። ጥሩ ሴት ናቸው፣ ነግሬሻለሁ። ኮሪደር ላይ ወስደው ትከሻዬን ያዙኝና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "እንዲህ ያለች ሠራተኛ ዛሬ የት ይገኛል? እመቤትሽን አላሳዝንም ብዬ ነው እንጂ እኔ ጋ ብትገቢ እንደ እህቴ ነበር የምይዝሽ።" አየሽልኝ? ለጨርቅ ሄጄ ሥራ አገኘሁ። "እመቤቴን ትቼ አልሄድም" አልኳቸው። እንባቸው መጣ። እኔም እንዳልስቅ ግድግዳውን ሳይ ያዘንኩ መስያቸው አቀፉኝ። አቅፈው ሲለቁኝ ሳቁ ጠፍቶ ነበር።

ተሽሏት ልንመለስ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠን፣ ያቺ ሴት በመስኮት እያየች፣ "ዘሙሩድ፣ የሆነው ነገር እዚያው ይቅር" አለችኝ። ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የመጣው ከ'ይቅር' አላለፈም። እሺ አልኩ። ከልቤ ነው እሺ ያልኩት። እኔ እዚያው ተውኩት። ለካ እሷ ሻንጣዋ ውስጥ ከትታ፣ ገልብጣ አምጥታው ኖሯል፤ አንድ ሳምንት ሳይሞላ ሱቄ የመጣች ደንበኛ፣ "ሸርጣን አይተሽ ወደቅሽ አሉ" ብላ ሳቀችብኝ። አብሬያት ሳቅኩ። መጋረጃውንም ለክቼ ሰጠኋት። ዝምታ ወርቅ ነው ካሉ እንግዲህ እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ ወርቅ ቤት ሆኜ ከርሜያለሁ። ዛሬ አንቺ ስለጠየቅሽኝ ነው።

ለምን ዛሬ? ... ዝም ብሎ ነው። ትናንት የዚህ ቤት ባለቤት፣ ወርቋ ጎረቤቴ፣ እጄን ይዛ፣ "ነገ ጓዳውን አንቺ ያዢልኝ፤ ከጓዳ ንቅንቅ እንዳትዪ፤ ካንቺ ሌላ ማንን አምናለሁ?" አለችኝ። እንዴት ያለ አመኔታ ነው። እሺ አልኩ። የኔ በሽታ ይሄ እሺ ነው፤ ለሱ መርፌ አልተገኘለትም።

ዛሬ ጠዋት ግን ሙሽራዋ መጣች። ተቅዋ። ድስት ሳጥብ አገኘችኝና፣ "ነገ የምትለብሺው የታል?" አለችኝ። ጓዳ ደግሞ ምን ልብስ ያስፈልገዋል አልኳት። ድስቱን ከእጄ ወሰደችውና መሬት አስቀመጠችው። "ያጠባችኝ እናቴ ጓዳ ከተቀመጠች እኔም ኒካሄ ጓዳ ይታሰርልኝ። ነገ ከእናቴ ጎን ነው የምትቀመጪው። ለአማቾቼ ሁለት እናት አለኝ ብያቸዋለሁ፤ ሁለተኛዋን ለማየት ቸኩለዋል" አለች። መልስ እንኳን ሳትጠብቅ ሄደች። ከማን እንደወሰደችው እንጃ፣ ፊት ለፊት መናገሩን። ከወተቱ ይሆናል።

አማቾቿ እነማን ናቸው አልሽ? ሐጂ ሳልህ የሚባሉ ናቸው አሉ፣ ከነባለቤታቸው ሐጃ። ቻይና ብዙ ዘመን የኖሩ ናቸው አሉ። ምን ታዪኛለሽ? ስንት ሐጂ ሳልህ አለ በዚህ ዓለም። አጋጣሚ ነው።

እና ነገ እቀመጣለሁ። አረንጓዴውን ቀሚስ እለብሳለሁ፤ ወገቡን ትንሽ ለቀቅ አድርጌዋለሁ፣ እኔ ነኝ መቼም። ሐጃ ገብተው ያዩኛል። ይደነግጣሉ። "ይቺስ?" ብለው ይጠይቃሉ። እኔ አንዲት ቃል አልተነፍስም ጂቱ። እንግዳ ማስተዋወቅ የባለቤት ወግ ነው። አጠገቧ ሆኜ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ምን እንደምትለኝ እሰማለሁ። ዛሬ ሌሊት እንቅልፍ እንደሚወስደኝ አትቁጠሪው። ምናልባት በዚህ ዕድሜዬ አንድ ጊዜ በትክክል ስሜን ትጠራኝ ይሆናል። ደግሞ ምናልባት...

ተዪው። ሽንኩርቱ አልቋል፤ ያንቺንም ስጪኝ። ሰርግ ቤት ገብቶ ሳይመርቁ መውጣት ነውር ነው፤ ዱዓ ደግሞ በሹክሹክታ አይሆንም፣ ድምፄን ከፍ ላድርግ፣ ውስጥ ያሉትም አሚን ይበሉ።

አላህ የተቅዋን ትዳር ያጽናላት። ቤቷን በልጅ፣ ልጆቿን በጤና ይሙላላት። አማቾቿ እንደ ልጃቸው ይያዟት። እናቷንም ዕድሜ ይስጥልን፤ አርጅታ፣ ጃጅታ፣ በልጇ ቤት የምትጦር ያድርጋት። ተቅዋ ሰው አክባሪነቷን ከናቷ ትውረስ። በትልልቅ ሰዎች መሐል በቆመች ጊዜ፣ "ይቺስ አሮጊት ማን ናት?" ብለው ሲጠይቋት፣ እናቷ ሰው በምታስተዋውቅበት በዚያ ጣፋጭ አፍ፣ እናቷን ታስተዋውቅልን። አሚን በይ ጂቱዬ... አሚን።